ሁለተኛው ፒክ የእኛ ነው፦ ዳንኤልስ፣ ሜይ ወይስ ሌላ መንገድ?

የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 14፣ 2024

ሰላም ቤተሰብ። ድራፍቱ (የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አስራ አንድ ቀን ቀረው። ሐሙስ ኤፕሪል 25 ማታ ዲትሮይት ላይ ይጀመራል። ቺካጎ አንደኛ ነው፤ ኬሌብ ዊልያምስን ይወስዳል፤ ይሄ ያለቀ ነገር ነው። ልጁ እዚሁ ዲሲ ተወልዶ ጎንዛጋ ሃይስኩል የተጫወተ የሰፈራችን ልጅ ነው። ወደ ቺካጎ መሄዱ ሆዴን ቢበላኝም ምንም ማድረግ አይቻልም። ከዚያ ሁለተኛው ፒክ፣ ማለትም የመምረጥ ተራው፣ የቡድናችን የዋሽንግተን ነው።

የትኛውን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውን የማጥቃት መሪ) እንውሰድ? ጄደን ዳንኤልስ ከኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ)? ድሬክ ሜይ ከኖርዝ ካሮላይና? ጄጄ ማካርቲ ከሚሺጋን? ወይስ ፒኩን ለሌላ ቡድን ሰጥተን በምትኩ ብዙ ፒክ እንሰብስብ? ያላችሁን ሐሳብ አምጡ። እኔ ግን መጀመሪያ የሚያስፈራኝን ልናገር።

ይሄን ጨዋታ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በ2004 ስመጣ ፊሽካ በየደቂቃው የሚነፋበት ጨዋታ ምኑ እንደሚወደድ አይገባኝም ነበር። ማታ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ በእረፍት ሰዓት ናፕኪን ላይ ክብና መስቀል እየሳለ አስተማረኝ። ከዚያ 2012 መጣ። ሮበርት ግሪፈን፣ ያኔ የመረጥነው ኳርተርባክ። ያን ዓመት የማያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሰላም ይሉኝ ነበር፣ ኮፍያዬን አይተው። ጃንዋሪ 6፣ 2013 ከሲያትል ጋር በነበረው ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ጨዋታ) ጉልበቱ ሲታጠፍ በቴሌቪዥን አየሁ። ዛሬም ዐይኔ ላይ አለ። ቀድሞም ተጎድቶ ነበር። ማንም አላስወጣውም።

እሱን ለማግኘት ለራምስ ቡድን ሦስት የመጀመሪያ ዙር ፒክና አንድ የሁለተኛ ዙር ፒክ ሰጥተናል። በዲሴምበር 2014 ራምስ እኛ ሜዳ መጡ። ሳንቲም ሲጣል ካፒቴን አድርገው የላኩት በእነዚያ ፒኮች ያገኟቸውን ተጫዋቾች ነበር። 24 ለ 0 አሸንፈውን ሄዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ዳንኤልስ በ2023 ያደረገው የሚያስደነግጥ ነው። በውርወራ 3,812 ያርድ፣ 40 ቱችዳውን (ጎል መስመር የደረሰ ኳስ)፣ 4 ኢንተርሴፕሽን (በተጋጣሚ የተጠለፈ ኳስ) ብቻ። በእግሩ ደግሞ 1,134 ያርድ። ፍሎሪዳ ላይ በአንድ ጨዋታ 372 ያርድ ወርውሮ 234 ሮጠ። ሃይዝማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) የወሰደው በሥራው ነው። ግን ቀጭን ነው፣ ሲሮጥም ራሱን አያድንም። ተንሸራትቶ መውረድ ሲገባው ግጭት ውስጥ ይገባል። አላባማ ላይ ተመትቶ ከሜዳ ወጣ። ሁለቱ ተቀባዮቹ ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ ራሳቸው በመጀመሪያው ዙር የሚሄዱ ናቸው፤ ስለዚህ ስንቱ የእሱ፣ ስንቱ የእነሱ እንደሆነ መለየት አለብን።

ሜይ ቁመቱ 6 ጫማ ከ4፣ ክብደቱ 223 ፓውንድ ነው። ገና 21 ዓመቱ። በ2022 4,321 ያርድና 38 ቱችዳውን ነበረው። በ2023 ወደ 3,608 እና 24 ወረደ። ሰው ይሄን አይቶ «ወረደ» ይላል። ዋናው ተቀባዩ ጆሽ ዳውንስ ወደ ኤንኤፍኤል ሄዶ፣ የማጥቃት አሰልጣኙም ተቀይሮ እንደነበር ግን አይናገርም። ችግሩ እግሩ ነው። አንዳንዴ እግሩ ሳይረጋ ይወረውርና ቀላሏን ኳስ ያበላሻል። በሚቀጥለው ኳስ ደግሞ ሌላ ሰው የማይወረውረውን ይወረውራል። እግር ይታረማል፤ ክንድ ግን አይታረምም። ለዚህ ነው ልቤ ወደ ሜይ ያደላው።


ወጣቱ ከሃያትስቪል
ኤፕሪል 14፣ 2024

ዳንኤልስ! ሌላ ወሬ የለም።

እሺ ምክንያቴን ልስጥ። በ2022 ኤልኤስዩ ሲመጣ 17 ቱችዳውን ነው የወረወረው። በዓመቱ 40። ተቀባይ ብቻውን ይሄን አያደርግም። ልጁ ራሱን ሠርቷል፤ በቪአር መነጽር የተከላካዮችን አሰላለፍ ደጋግሞ እያየ ይለማመድ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ 55 ጨዋታ ጀምሯል። ሜይ 26 ነው። «ዕድሜው 23 ነው» ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ዝግጁ ነው እላለሁ።

ሌላው ክሊፍ ኪንግስበሪ ነው። የማጥቃት አሰልጣኛችን እሱ ሆኗል። ማሆምስን ቴክሳስ ቴክ ላይ፣ ካይለር መሪን አሪዞና ላይ ያሠለጠነ ሰው ነው። እግር ያለው ኳርተርባክ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።


አራት ኪሎ 27
ኤፕሪል 15፣ 2024

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጨዋታውን ገና እየለመድኩ ነው። ሌሊት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አይቼ ነው የያዘኝ። አንድ ነገር አልገባኝም። ዋሽንግተን 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ታዲያ ለምንድነው ሁለተኛ የሚመርጠው? ፕሪሚየር ሊግ ቢሆን እኮ ይወርድ ነበር።


የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 15፣ 2024

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እዚህ መውረድ የለም። 32ቱ ቡድኖች ሁሌም 32 ናቸው። ደካማው እንዲያገግም ነው ቀድሞ የሚመርጠው፤ ሻምፒዮኑ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ሰባት ዙር አለ። ኮሌጅ የጨረሰ ተጫዋች የትኛው ክለብ እንደሚፈልግ ራሱ አይመርጥም፤ የጠራው ቡድን ይወስደዋል። ፒኩ ደግሞ እንደ ንብረት ነው፣ ይለወጣል። የሚቀጥለውን ዓመት ፒክ እንኳ ዛሬ መስጠት ይቻላል።

ዋናው ነገር የደመወዝ ጣሪያው ነው። ዘንድሮ ለአንድ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ማውጣት አይቻልም። ጆ ቡሮው ሲንሲናቲ ላይ በዓመት በአማካይ 55 ሚሊዮን ነው የፈረመው። በሁለተኛ ፒክ የሚመጣ ልጅ ግን በአራት ዓመት በድምሩ 38 ሚሊዮን ገደማ ነው የሚያገኘው። ልጁ ጥሩ ከሆነ፣ በተረፈው ገንዘብ ዙሪያውን በሰው ትሞላለህ። ጥሩ ወጣት ኳርተርባክ ያገኘ ቡድን በድንገት የሚነሳው ለዚህ ነው።


ሚኒያፖሊስ ብርዱ
ኤፕሪል 16፣ 2024

ከቫይኪንግስ (የሚኒሶታ ቡድን) በኩል ሰላምታ ይድረሳችሁ። ኳርተርባካችን ከርክ ካዝንስ ወደ አትላንታ ሄደብን። እኛ 11ኛና 23ኛ ፒክ አለን። 23ን ከሂዩስተን ያመጣነው ለዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱንም ከሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ዙር ጋር ብንሰጣችሁ ሁለተኛውን አትለቁም? ተቀባዩ ጀስቲን ጀፈርሰን አለን፣ አሰልጣኙ ኬቨን ኦኮነል አለን። ለሜይ ከሚኒሶታ የተሻለ ቤት የለም። ቤቱ ተሠርቶ አልቋል፣ የጎደለው አባወራው ነው።


ወጣቱ ከሃያትስቪል
ኤፕሪል 16፣ 2024

አይሆንም። ሦስት ባለ አስር ብር አንድ ባለ መቶ አይሆንም።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ
ኤፕሪል 17፣ 2024

ሁላችሁም ስለ ወርዋሪው ታወራላችሁ። እኔ ስለሚጠብቁት ልናገር።

ነርስ ነኝ። ልጄ ሃይስኩል ውስጥ ሌፍት ታክል (የግራ መስመር ጠባቂ) ነው የሚጫወተው። ዓርብ ማታ ከሥራ በቀጥታ ሜዳ እሄዳለሁ። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው ኳሱን ነበር የማየው። ልጄ ኳስ ስለማይነካ ግን ቀስ በቀስ ዐይኔ ወደ እሱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን በሌላ ዐይን ነው የማየው። ኳርተርባኩ ቀኝ እጁ ከሆነ ለመወርወር ሲዞር ግራ ጎኑ ጀርባው ይሆናል። ከዚያ በኩል የሚመጣውን አያይም። የሚያይለት ሌፍት ታክሉ ነው። ልጄ አንድ እርምጃ ሲዘገይ ሌላ እናት ልጇ መሬት ላይ ሲወድቅ ታያለች።

ባለፈው ዓመት ኳርተርባካችን ሳም ሃዌል 65 ጊዜ ሳክ ተደረገ (ሳይወረውር መሬት ላይ ተጣለ)። 21 ኢንተርሴፕሽን ወረወረ። ሰው ሁሉ «ሃዌል አይችልም» አለ፣ በማርች ወደ ሲያትል ሸጥነው። ካሮላይና ደግሞ ኳርተርባኩን ብራይስ ያንግን አንደኛ ለመውሰድ ዲጄ ሙርን የመሰለ ተቀባይ ከብዙ ፒክ ጋር ለቺካጎ ሰጠ። ከዚያ ልጁን ያለ ተቀባይና ያለ ጠባቂ መስመር ሜዳ አስገቡት። 62 ጊዜ ወደቀ። 2 አሸንፈው 15 ተሸነፉ። የሰጡት ፒክ ነው አሁን ቺካጎን አንደኛ ያደረገው። በ2002 ዴቪድ ካር በአዲሱ የሂዩስተን ቡድን 76 ጊዜ ወድቆ ነበር። እሱም አንደኛ ፒክ ነበር።

አሁን ሲጄ ስትራውድን እዩ። ከያንግ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሂዩስተን ሄደ። ግራ ጎኑን ላረሚ ታንሰል ይጠብቅለት ነበር። 4,108 ያርድ ወረወረ፣ 23 ቱችዳውን፣ 5 ኢንተርሴፕሽን። ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ። ሁለቱ ልጆች የተመረጡት በአንድ ማታ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ችሎታ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም።

የእኛ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ትሬንት ዊልያምስ የእኛ ነበር። በ2010 አራተኛ ፒክ አድርገን ወስደነው፣ በ2020 ለሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የአምስተኛና በአንድ የሦስተኛ ዙር ፒክ ለቀቅነው። እዚያ ሄዶ በዘመኑ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ታክል ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ቻርልስ ሌኖን አሰናበትን። ዛሬ ሌፍት ታክላችን ማነው? ንገሩኝ።

ከዳላስ ታይለር ቢያዳሽን ለመሐል አምጥተናል፣ ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ስድስት ፒክ አለን፦ 2፣ 36፣ 40፣ 67፣ 78፣ 100። ዳንኤልስ ይሁን ሜይ ለእኔ ሁለቱም ይሁኑ። በ36 ወይም በ40 ግን ታክል ካልወሰድን ማንንም ብናመጣ ያው ነው።


የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 17፣ 2024

ሲስተር፣ ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልጅሽ የጻፍሽው ነክቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሳክ ሁሉ የመስመሩ ጥፋት አይደለም። ሃዌል ኳሱን ይዞ ይቆያል። ጊዜ እያለው፣ አንድ ሰው ክፍት ሆኖ እያየው፣ ሌላ የተሻለ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። እኔ ባለፈው ዓመት ሰዓት ይዤ አየሁ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ይይዛል። ዳንኤልስ ላይም ይሄ ጸባይ አለ። ጫና ሲመጣበት ኳሱን ከመልቀቅ መሮጥ ይመርጣል። ኮሌጅ ላይ ያመልጣል። እዚህ የሚያሳድዱት ሰዎች 260 ፓውንድ ሆነው እንደ እሱ ይሮጣሉ።


ወጣቱ ከሃያትስቪል
ኤፕሪል 17፣ 2024

ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ኪንግስበሪ ኳሱን ቶሎ የሚያስለቅቅ ሲስተም ነው ያለው። ማሪዮታንም በምትክነት አስፈርመዋል፣ እሱም ሃይዝማን ያሸነፈ የሚሮጥ ኳርተርባክ ነው። ልጁ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል።


ጋሽ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና
ኤፕሪል 18፣ 2024

ልጆቼ፣ ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔ አይቼዋለሁ።

በሱዳን በኩል ዲሲ የገባሁት በ1981 ነው። አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ እዚያው ነበርኩ። ጃንዋሪ 30፣ 1983 ከማያሚ ጋር ሱፐር ቦውል ሲጫወቱ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ቴሌቪዥን ከበን አየን። አራተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ሙከራ ነበር፣ አንድ ያርድ ቀርቷል። ጆን ሪጊንስ ኳሱን ይዞ 43 ያርድ ሮጦ አገባ። ስለ ጨዋታው ምንም ሳላውቅ ተነስቼ ጮህኩ። ያን ለሊት ከተማው ሁሉ ውጭ ነበር። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ የተደሰትኩት ያን ቀን ነው።

አሰልጣኛችን ጆ ጊብስ ሱፐር ቦውልን ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ኳርተርባኮቹ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ታይዝማን። በ1988 ዳግ ዊልያምስ፣ ዴንቨርን 42 ለ 10፤ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ቱችዳውን ወረወረ። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። ያን ቀን ያለቀሱ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። በ1992 ደግሞ ማርክ ሪፒን። ኳርተርባኩ ይለዋወጣል፣ የማይለወጠው መስመሩ ነበር። «ሆግስ» ይሏቸው ነበር፣ አሳማዎቹ። ስሙን ያወጣላቸው የመስመር አሰልጣኛቸው ጆ ቡገል ነው። ጆ ጃኮቢን ያስታውሳል የሚል አለ? በድራፍት ማንም ያልመረጠው ልጅ ነበር። በሪፒን ዓመት መስመሩ በመደበኛው ውድድር ሙሉ የፈቀደው 9 ሳክ ብቻ ነው። ሃዌል ያንን በሦስት ጨዋታ ይጨርሰው ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ፒክ ለማንም ስጡት። ነገር ግን እስከ አምስት ዓመት አትጩኹበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።


አራት ኪሎ 27
ኤፕሪል 18፣ 2024

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ይሄን ለአባቴ አነበብኩለት።


የአውሮራው
ኤፕሪል 22፣ 2024

ከኮሎራዶ ነኝ። ዛሬ ብሮንኮስ (የዴንቨር ቡድናችን) ኳርተርባኩን ዛክ ዊልሰንን ከጄትስ አመጣ። እስቲ የ2021ን ድራፍት አስታውሱ። በመጀመሪያው ዙር አምስት ኳርተርባክ ተወሰደ፦ ሎውረንስ አንደኛ፣ ዊልሰን ሁለተኛ፣ ትሬይ ላንስ ሦስተኛ፣ ፊልድስ 11ኛ፣ ማክ ጆንስ 15ኛ። ገና ሦስት ዓመታቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመረጠው ቡድን ውስጥ ያለው ሎውረንስ ብቻ ነው። ፊልድስና ጆንስ እያንዳንዳቸው በስድስተኛ ዙር ፒክ ነው የተሸጡት።

ሳን ፍራንሲስኮ ለላንስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ፒክ ከፍሎ ነበር። በዓመቱ በ262ኛ፣ በመጨረሻው ፒክ፣ ብሮክ ፐርዲን ወሰደ። ፐርዲ በዘንድሮው ሱፐር ቦውል ላይ ነበር። የእናንተ ጄነራል ማናጀር አዳም ፒተርስ ሁለቱም ውሳኔ ሲወሰን ሳን ፍራንሲስኮ ቢሮ ውስጥ ነበር። ትልቁን ስህተትም ትልቁን ዕድልም በዓይኑ ያየ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመቀመጫው ላይ መኖሩ ያጽናናል።

እኛ ፒካችን 12 ነው። ቦ ኒክስ ከኦሪገን ቢመጣ ደስ ይለኛል። 61 ጨዋታ ጀምሯል፣ በኮሌጅ ታሪክ ከማንም በላይ። ባለፈው ዓመት 45 ቱችዳውን፣ 3 ኢንተርሴፕሽን። «ኳሶቹ አጫጭር ናቸው» ይሉታል። አሰልጣኛችን ሾን ፔይተን የሚፈልገው እኮ እሱን ነው፤ ቶሎ የሚያይ፣ ቶሎ የሚለቅ።


ሚኒያፖሊስ ብርዱ
ኤፕሪል 22፣ 2024

እኔ ለማካርቲ ራሴን እያዘጋጀሁ ነው። 27 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፣ ባለፈው ዓመት 15 ለ 0። የሚያስጨንቀኝ ግን ሚሺጋን ብዙ እንዲወረውር አለማስገደዱ ነው። ፔን ስቴት ላይ ጨዋታውን 32 ጊዜ በተከታታይ እየሮጡ ነው የጨረሱት። ልጁ ስላልቻለ ነው ወይስ ስላላስፈለገ? ፊልሙ ላይ መልሱ የለም። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ሲወረውር ብቻ ለይቼ አየሁት፤ እዚያ ላይ ልበ ሙሉ ነው።


ክላርክስተን
ኤፕሪል 23፣ 2024

ከአትላንታ። እኛ ኳርተርባክ ጨርሰናል፣ ካዝንስ 4 ዓመት በ180 ሚሊዮን ፈርሟል። በ8ኛው ተከላካይ ነው የምንወስደው፤ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ሰው የለንም። ስለዚህ ተረጋግቼ ነው የማየው።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ስለ ፈተናዎች። ባለፈው ዓመት ከድራፍቱ በፊት የስትራውድ የኤስ2 ፈተና ውጤት ዝቅተኛ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። «ቶሎ አያስብም» ተባለ። ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ዋሽንግተን ኳርተርባኮቹን ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ላይ ጠርቶ ቶፕጎልፍ (የጎልፍ መዝናኛ ቦታ) ስለወሰደ፣ ዳንኤልስ አልወደደውም ተብሎ ወሬ ሆነ። እኔ ለዚህ ነገር ጆሮ አልሰጥም። ልጁ ከተሸነፈ በኋላ ሰኞ ጠዋት ምን ይላል? የሚያግደው ሰው ሲሳሳት ይጮህበታል ወይስ ያነሳዋል? ይሄን የሚያውቁት አብረውት የነበሩ ናቸው። እነሱን መጠየቅ ነው።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ
ኤፕሪል 23፣ 2024

ክላርክስተን፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልጄ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ሰው አመለጠውና ኳርተርባካቸው ክፉኛ ተመታ። ኳርተርባኩ ተነስቶ መጀመሪያ ያደረገው ልጄን ጭንቅላቱን መታ መታ አድርጎ «ቀጥል» ማለት ነው። ልጄ ያን ልጅ እስከ ዛሬ እንደ ወንድሙ ነው የሚጠብቀው።


የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 25፣ 2024፣ ከምሽቱ

ተጀመረ። ኬሌብ ለቺካጎ።


የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 25፣ 2024

ጄደን ዳንኤልስ!


ወጣቱ ከሃያትስቪል
ኤፕሪል 25፣ 2024

አልኩ እኮ! አልኩ! እናቴ ምን ሆንክ ብላ ከላይ ወረደች።


የአሌክሳንድሪያው
ኤፕሪል 25፣ 2024

ሜይን ነበር የፈለግኩት፣ ሦስተኛ ሆኖ ኒው ኢንግላንድ ሄደ። መልካም ዕድል ይግጠመው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዳንኤልስ የእኔ ልጅ ነው። ተንሸራተት ልጄ፣ እባክህ ተንሸራተት።


ክላርክስተን
ኤፕሪል 25፣ 2024

ኳርተርባኩን ማይክል ፔኒክስን በ8ኛ?! ካዝንስን በ180 ሚሊዮን ካስፈረምን በስድስት ሳምንቱ? ልጁን እወደዋለሁ፣ ባለፈው ዓመት 4,903 ያርድ ነው የወረወረው። ግን ማንን ነው የምናምነው? ሁለቱንም ነው ወይስ አንዱንም አይደለም? ዛሬ አልተኛም።


ሚኒያፖሊስ ብርዱ
ኤፕሪል 25፣ 2024

ማካርቲ በ10ኛ፣ የእኛ። ኒክስ በ12ኛ ዴንቨር። በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ስድስት ኳርተርባክ። እንዲህ ያለ ድራፍት አይቼ አላውቅም።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ
ኤፕሪል 27፣ 2024

ዳንኤልስን ተቀብያለሁ። በ36ኛ ግን የመሐል ተከላካይ ወሰዱ። 40ኛውን ከፊላደልፊያ ጋር ለወጡት። ታክል የመጣው በ67ኛ ነው፣ ብራንደን ኮልማን ከቲሲዩ። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ጎንዛጋ ያደገው ኦሉ ፋሻኑ ደግሞ በ11ኛ ለጄትስ ሄደ። አሁንም ጥያቄዬ ያው ነው።


ወጣቱ ከሃያትስቪል
ጃንዋሪ 27፣ 2025

ይሄን ክር ልቀስቅሰው። 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን። ታምፓን በሜዳቸው፣ ከዚያ ዲትሮይትን በሜዳቸው 45 ለ 31። ትናንት ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጣን፣ ያማል። ግን ጋሼ፣ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል በፊት ያለው ጨዋታ) ደረስን! ዳንኤልስ 3,568 ያርድ፣ 25 ቱችዳውን፣ በእግሩ 891።


ጋሽ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና
ጃንዋሪ 27፣ 2025

ኦክቶበር 27ን ነው የማልረሳው። ከኬሌብና ከቺካጎ ጋር፣ ሰዓቱ አልቆ፣ ልጁ ኳሱን ወደ ሰማይ ለቀቃት። ተነክታ ተነክታ ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ 15። የልጅ ልጄን ይዤ ነበር፣ እሷን ላለመጣል ቁጭ አልኩ። በ1983 እንደጮህኩት ጮህኩ።


የአሌክሳንድሪያው
ጃንዋሪ 27፣ 2025

እኔ ሜይ ብዬ ነበር። ዳንኤልስ ግን ኳሱን ያን ያህል ቶሎ ይለቃል፣ አራተኛ ሙከራ ላይ ያን ያህል ይረጋጋል ብዬ አልገመትኩም። ፊልሙ ላይ ነበር፣ እኔ ግጭቶቹን ብቻ ነበር የማየው። የግሪፈን ጉልበት ዐይኔን ጋርዶት ኖሯል። ሆኖም ሲስተር፣ ልጁ ዘንድሮም 47 ጊዜ ወድቋል።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ
ጃንዋሪ 27፣ 2025

ቆጥሬያለሁ።


ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ
ማርች 10፣ 2025

ከሥራ እየወጣሁ ልጄ ደወለልኝ። ላረሚ ታንሰል ከሂዩስተን ወደ ዋሽንግተን መጣ! የስትራውድን ግራ ጎን ይጠብቅ የነበረው ሰው አሁን የዳንኤልስን ሊጠብቅ ነው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ልጄ የእሱን ፊልም አብረን እንድናይ እየጠበቀኝ ነው፣ ሄድኩ።